ዝናብን በአፍንጫዋ የምታውቀው ልጅ፦ ሄለን ኬለር በደጅ

ወዳጆቻችን፣ ሄለን ኬለር ስትባል አብዛኞቻችን የምናውቃት በአንድ መስመር ነው። ሳታይና ሳትሰማ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች ሴት። በቃ። አነቃቂ ንግግር የሚያደርጉ ሰዎች ስሟን ይጠራሉ፣ ፎቶዋ ከጥቅስ ጋር ይዞራል፣ እኛም ላይክ አድርገን እናልፋለን።

ዛሬ የምንነግራችሁ ግን ስለ ዲግሪዋ አይደለም። ያቺ ልጅ መጀመሪያ ላይ እንዴት እንደተማረች፣ በተለይ ደግሞ የት እንደተማረች ነው። የሄለን የመጀመሪያ ክፍል እኮ ጣሪያ አልነበረውም። የተማረችው ፀሐይ ላይ፣ ጭቃ ውስጥ፣ ንፋስና ዝናብ መሀል ነው።

ይህን ለምን ዛሬ አነሳነው? በየሰፈራችን ለየት ያለ ልጅ ሲወለድ ብዙ ጊዜ የሚደረገውን ስለምታውቁት ነው። ብርድ እንዳይመታው፣ እንዳይወድቅ፣ ሰው እንዳያየው እየተባለ በር ይዘጋበታል። አንዳንዱ በፍቅር ነው የሚዘጋው፣ አንዳንዱ በሐፍረት። ለልጁ ግን ያው የተዘጋ በር ነው። የሄለን ታሪክ በሩ ሲከፈት ምን እንደሚሆን ያሳያል።

ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ19 ወሯ የመጣው ትኩሳት

ሄለን የተወለደችው ጁን 27 ቀን 1880 በአሜሪካ አላባማ ግዛት፣ ቱስካምቢያ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። አባቷ ካፒቴን አርተር ኬለር በእርስ በርስ ጦርነቱ ከደቡቦቹ ጎን የተዋጋ፣ በኋላ የጋዜጣ አዘጋጅ የሆነ ሰው ነበር። እናቷ ኬት አዳምስ ትባላለች። ቤታቸውና በዙሪያው ያለው ዛፍና አጥር በሐረግ የተሸፈነ ስለነበር አይቪ ግሪን ይሉታል፣ አረንጓዴ ሐረግ እንደማለት።

ስትወለድ ታያለች፣ ትሰማለች። ገና በዓመቷ ጥቂት ቃላት መኮላተፍ ጀምራ ነበር፣ ከነሱ አንዱ ውኃ ነው። ፌብሯሪ 1882 ላይ፣ 19 ወር ሲሆናት፣ ኃይለኛ ትኩሳት ያዛት። የዚያን ጊዜ ሐኪሞች የሆድና የአንጎል ሕመም ነው አሉ፣ አትተርፍምም ብለው ነበር። የዛሬዎቹ ደግሞ ማጅራት ገትር ሳይሆን አይቀርም ብለው ይገምታሉ። ትኩሳቱ እንደመጣ በድንገት ለቀቃት፣ ቤቱ በደስታ ተሞላ። ልጅቷ ከዚያ በኋላ እንደማታይና እንደማትሰማ ግን ያን ቀን ማንም አላወቀም።

ከዚያ በኋላ ያሉትን አምስት ዓመታት አስቧቸው። ቀንና ሌሊት የላትም። ድምፅ የላትም። ሰዎች ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አንድ ነገር እንደሚያደርጉ በእጇ ዳብሳ ታውቃለች፤ የራሷን ከንፈር ስታንቀሳቅስ ግን ምንም አይመጣም። እልህ ይይዛታል፣ ትጮኻለች፣ ትራገጣለች።

ሞኝ ግን አልነበረችም። በራሷ ወደ 60 የሚጠጉ የእጅ ምልክቶችን ፈጥራለች። መጎተት ና ማለት ነው፣ መግፋት ሂድ። ዳቦ ስትፈልግ የመቁረጥና ቅቤ የመቀባት እንቅስቃሴ ታደርጋለች። አይስክሬም ሲያምራት ደግሞ የአይስክሬም ማሽኑን እጀታ እንደሚያዞር ሰው ታደርግና ትንቀጠቀጣለች። ልብ በሉ፣ ገና ምንም ቋንቋ ሳይኖራት ብርድን ቃል አድርጋ እየተጠቀመችበት ነበር።

የሚያረጋጋትም ደጅ ነበር። ቤት ውስጥ ስትቆጣና ስታለቅስ ትቆይና የተከረከመውን የአጥር ተክል በእጇ እየዳበሰች ወደ አትክልቱ ቦታ ትወጣለች። በልቅሶ የጋለ ፊቷን ቀዝቃዛው ቅጠልና ሣር ውስጥ ትደብቀዋለች። የፀደይ የመጀመሪያዎቹን አበቦች በሽታቸው ፈልጋ ታገኛለች። ቤተሰቡ ምን እንደሚያደርጋት ግራ በገባው ሰዓት እሷ የምትረጋጋበትን ቦታ አግኝታው ነበር።

እያደገች ስትሄድ ነገሩ ከበደ። አንድ ቀን እናቷን የእህል ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ ቆልፋባት ወደ ሦስት ሰዓት ያህል አስቀምጣታለች፤ እናትየው በሩን ስትደበድብ ንዝረቱ በእጇ እየተሰማት ትስቅ ነበር። ሌላ ቀን ትንሽ እህቷ የተኛችበትን አልጋ ገለበጠችው፣ እናትየው ባትይዛት ኖሮ ሕፃኗ መሬት ላይ ትወድቅ ነበር። ወላጆቿ ከዚህ በኋላ ዝም ብለው መቀመጥ አልቻሉም።

የ20 ዓመቷ መምህርት

እናቷ የእንግሊዛዊውን ደራሲ የቻርልስ ዲክንስን የአሜሪካ ጉዞ መጽሐፍ አንብባ ነበር። እዚያ ውስጥ ማየትና መስማት ተስኗት ቋንቋ ስለተማረች ሎራ ብሪጅማን ስለምትባል ልጅ ተጽፏል። ተስፋ አደረገች። አባትየው ሄለንን ይዞ ባልቲሞር ወደሚገኝ የዓይን ሐኪም ሄደ። ሐኪሙ ዓይኗን ማዳን እንደማይቻል ተናግሮ ዋሽንግተን ወዳለው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ላካቸው። አዎ፣ የስልኩ ቤል። ሰውዬው ዋናው ሥራዬ የሚለው መስማት የተሳናቸውን ማስተማር ነበር። እሱ ደግሞ ቦስተን ለሚገኘው ለፐርኪንስ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት እንዲጽፉ መከራቸው። ሎራ የተማረችበት ትምህርት ቤት ማለት ነው።

ከዚያ የተላከችው አን ሱሊቫን ናት። የ20 ዓመት ወጣት፣ የድሃ አይሪሽ ስደተኞች ልጅ። ትራኮማ ዓይኗን ጎድቶት ነበር። እናቷ ስትሞት ከትንሽ ወንድሟ ጋር ቴክስበሪ በሚባል የድሆች መጠለያ ተጣለች፣ ወንድሟም እዚያው ሞተባት። ፐርኪንስ የገባችው በ14 ዓመቷ ነው፤ በ1886 ግን ከክፍሏ አንደኛ ሆና ተመረቀች። ዓይኗ በቀዶ ሕክምና ትንሽ ተሻሽሎላታል። የመምህርነት ልምድ? ምንም።

ማርች 3 ቀን 1887 አን ቱስካምቢያ ደረሰች። ሄለን 6 ዓመት ከ8 ወሯ ነበር። በነጋታው መምህርቷ አሻንጉሊት ሰጠቻትና አሻንጉሊት የሚለውን ቃል በጣት ፊደል መዳፏ ላይ ጻፈችላት። ሄለን ጣቶቿን እያስመሰለች ደገመችው። ምን እንደሆነ ግን አልገባትም፣ እንደ ጨዋታ ነው የወሰደችው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጦርነት ነበሩ። ሄለን ከሰው ሁሉ ሳህን እየዘገነች ነበር የምትበላው፤ አን ይህን ስትከለክላት ተናከሰች፣ ተራገጠች። ቤተሰቡ ልጅቷ ስታለቅስ አያስችለውም፣ የፈለገችውን ይሰጣታል። ስለዚህ አን ሄለንን ይዛ ግቢው አቅራቢያ ያለች ትንሽ ቤት ውስጥ ለሁለት ሳምንት ለብቻቸው እንዲቀመጡ አስፈቀደች። ሄለን ቦታውን እንዳታውቀው ዕቃው ተቀያየረ፣ በሠረገላም ዙሪያ ጥምጥም ወሰዷት። ይህ መንገድ ዛሬ ብዙ የሚያከራክር ነው፣ እኛም እንዲህ አድርጉ አንልም። ሄለን ከዚያ ስትመለስ ረጋ ብላ ነበር፣ ቃላት ግን አሁንም አልተከፈቱላትም።

የጉድጓዱ ውኃ

ኤፕሪል 5 ቀን 1887። ያን ቀን ጠዋት አን ስለ ውኃና ስለ ኩባያ ልታስተምራት ስትሞክር ሄለን ሁለቱን እያምታታች አስቸገረች። መጨረሻ ላይ ተናዳ አዲሱን አሻንጉሊት ወለሉ ላይ ከስክሳ ሰበረችው። ምንም አላዘነችም።

አን አልተቆጣችም፣ ስብራቱን ጠረገች። ከዚያ የሄለንን ባርኔጣ አመጣችላት። ሄለን ባርኔጣ ሲመጣ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች፦ ወደ ፀሐይ ልንወጣ ነው። በደስታ ዘለለች።

በመንገዱ ላይ ያለው ሐረግ አብቦ ያውዳል። ሽታውን ተከትለው ጉድጓዱ ጋ ደረሱ። አንድ ሰው በእጅ የሚሳበውን ፓምፕ እየሳበ ነበር። አን የልጅቷን እጅ ውኃው ስር አደረገችው። ቀዝቃዛው ውኃ በአንዱ እጇ ላይ እየፈሰሰ፣ በሌላው መዳፏ ላይ ውኃ የሚለውን ቃል ጻፈችላት። መጀመሪያ ቀስ ብላ፣ ከዚያ ፈጠን አድርጋ። ሄለን ቀጥ ብላ ቆመች። ያን ጊዜ ገባት። ይህ የሚፈሰው ቀዝቃዛ ነገር ስም አለው! ሁሉም ነገር ስም አለው!

መሬቱን ነክታ ስሙን ጠየቀች። ፓምፑን ጠየቀች። ከዚያ ዞር ብላ የመምህርቷን ስም ጠየቀች። በጥቂት ሰዓት ውስጥ 30 ያህል አዲስ ቃላት ያዘች። ቤት ስትገባ የሰበረችው አሻንጉሊት ትዝ አላትና ስብርባሪዎቹን ለመገጣጠም ሞከረች። አልሆነም። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ባደረገችው ነገር ተጸጽታ አለቀሰች።

ይህን ታሪክ በፊልም ያያችሁት ትኖራላችሁ። ብዙ ጊዜ የሚታለፈው ነገር ምን መሰላችሁ? ቤት ውስጥ ወንበር ላይ ለአንድ ወር የተሞከረው ነገር የገባት ደጅ ነው፣ ቀዝቃዛ ውኃ እጇ ላይ እየፈሰሰ። ኩባያ ውስጥ ያለ ውኃ ዝም ያለ ነው፣ ከኩባያው መለየት ያስቸግራል። የሚፈሰው ግን ይመታል፣ ያበርዳል፣ በጣት መሀል ያመልጣል። ቃሉ ደግሞ ከስሜቱ ጋር እኩል ሰዓት ላይ ደረሰ።

ትምህርት ቤቱ ደጅ ሆነ

ከዚያ አን ትልቅ ውሳኔ ወሰነች። የሄለንን የ15 ወር የአጎት ልጅ ታስተውል ነበር። ሕፃኗ ገና ባትናገርም የሚሏትን ትሰማለች፣ ይገባታል። ማንም ቁጭ አድርጎ ቃል አላስጠናትም፣ ዝም ብለው ያወሯታል እንጂ። ስለዚህ አን በሰዓት የተከፋፈለውን ትምህርት ተወችው። ለሕፃን ጆሮ እንደሚወራው ሁሉ፣ ለሄለን መዳፍ ማውራት ጀመረች። ሙሉ ዓረፍተ ነገር፣ ሙሉ ቀን፣ እግራቸው በደረሰበት።

ደግሞም ከቤት ይልቅ ደጅ ይሻላል ብላ ወሰነች። ያነበቡትና ያጠኑት ፀሐይ በሚገባበት ጫካ ውስጥ ነው። ሄለን እንቁራሪት በእጇ ይዛ ጉሮሮው ሲንቀጠቀጥ ተሰማት። የጥጥ ማሳ ውስጥ ፍንጭት ያለውን የጥጥ ፍሬ ዳበሰች። ጠዋት ጤዛ ያለበትን ሣር ረገጠች። ገና እግር ያላወጡ የእንቁራሪት ልጆች የመስታወት ዕቃ ውስጥ ተደርገውላት ጣቷን ነክራ በመሀላቸው ሲያልፉ ተሰማት። አንዱ ዘሎ ወለል ላይ ወደቀ፣ ፈልጋ አግኝታ መለሰችው።

በጣም የሚወዱት ቦታ ቴነሲ ወንዝ ዳር ያለ የፈራረሰ የድሮ የእንጨት ወደብ ነበር። ጂኦግራፊ እዚያ ነው የተማረችው። በጠጠር ግድብ ትሠራለች፣ ደሴትና ሐይቅ ትሠራለች፣ የወንዝ መሄጃ ትቆፍራለች። ትምህርት ላይ መሆኗን እንኳ አላወቀችም ነበር፣ ለሷ ጨዋታ ነው። አን ደግሞ ስለ እሳተ ገሞራና ስለ በረዶ ወንዞች መዳፏ ላይ ትነግራታለች፣ ተራራና ሸለቆውን በጣቷ እንድትከተል ካርታውን በጭቃ ትሠራላታለች።

እስቲ ዋጋውን አስሉት። ጠጠር፣ ጭቃ፣ ውኃ፣ ሁለት እጅ። የኬለር ቤተሰብ ለመምህርት መክፈል የሚችል ቤተሰብ ነበር፣ እሱን አንክድም። ልጅቷ የተጫወተችበት ዕቃ ግን አንድም የሚገዛ ነገር አልነበረበትም።

የዛፉ ላይ ማዕበል

ደጅ ሁሌም ደግ አይደለም። አን ይህንንም አልደበቀችባትም፣ አንድ ቀን ግን ከታሰበው በላይ ሆነ።

ከረጅም የእግር ጉዞ እየተመለሱ ነበር። ጠዋት አየሩ ጥሩ ነበር፣ በኋላ ወበቅ ሆነ። ከቤት ብዙም ሳይርቁ የዱር ቼሪ ዛፍ ስር አረፉ። ጥላው ደስ ይላል፣ ዛፉም ለመውጣት ቀላል ነው። ሄለን በመምህርቷ እርዳታ ወጥታ ቅርንጫፍ ላይ ተቀመጠች። ምሳችንን እዚሁ እንብላ ተባባሉ። አን እንዳትንቀሳቀስ አስጠንቅቃት ምግብ ልታመጣ ወደ ቤት ሄደች።

በድንገት ሙቀቱ ጠፋ። ለሄለን ሙቀት ማለት ብርሃን ነው፣ ስለዚህ ሰማዩ እንደጠቆረ አወቀች። ከመሬት አንድ ሽታ ተነሳ። የምታውቀው ሽታ ነው፣ ሁሌም ከነጎድጓድ ዝናብ በፊት ይመጣል። ፍርሃት ልቧን ጨመቀው። ከወዳጅ ከዘመድ፣ ከመሬትም ተቆርጣ ብቻዋን ዛፍ ላይ ናት። መጮህ ብትጮህ ማን እንደሚሰማት አታውቅም። ቅጠሎቹ መንቀጥቀጥ ጀመሩ፣ ከዚያ ንፋሱ መጣ። ዛፉ ተወዛወዘ፣ ጭራሮ እንደ ዝናብ ወረደባት። ለመዝለል አሰበች፣ ግን አልደፈረችም፤ የቅርንጫፉ መጋጠሚያ ላይ ተጠቅልላ ያዘች። ዛፉ ከሷ ጋር አብሮ የሚወድቅ ሲመስላት መምህርቷ እጇን ያዘችና አወረደቻት። እግሯ መሬት ሲነካ አንን ተጠመጠመችባት።

ከዚያ ቀን በኋላ ለረጅም ጊዜ ዛፍ ማሰብ እንኳ ያስፈራት ነበር። እዚህ ጋ አንድ ነገር እንንገራችሁ። ማንም አላስገደዳትም። ደግሞም ማንም ከዚህ በኋላ ደጅ አትወጪም አላላትም። ሁለቱም አልተደረገም። ጊዜ ተሰጣት።

የፈታት ሽታ ነው። አንድ የፀደይ ጠዋት ብቻዋን አትክልቱ ቦታ እያነበበች ሳለ አንድ ደስ የሚል ጠረን አወዳት። አጥሩ ጥግ ያለው ሚሞሳ ዛፍ እንደሆነ አወቀች። እየዳበሰች ሄደች። ዛፉ በአበባ ተሞልቶ ቅርንጫፎቹ ሣሩን ሊነኩ ደርሰዋል። ቆም አለችና እግሯን ግንዱ መሀል አስገብታ መውጣት ጀመረች። ቅርፊቱ እጇን ላጠው፣ ቅርንጫፉ ወፍራም ስለሆነ ለመያዝ ያስቸግራል፣ እሷ ግን ወጣች። ላይ ስትደርስ አንድ ሰው ከብዙ ዘመን በፊት የሠራው መቀመጫ አገኘች። ከዛፉ ጋር አብሮ ከማደጉ የተነሳ የግንዱ አካል ሆኗል። እዚያ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰዓት እዚያ ታሳልፍ ነበር።

ደመናና ፍቅር

የሚነካ ነገርን ስም ማወቅ አንድ ነገር ነው። የማይነካውስ? ፍቅርን ለማያይና ለማይሰማ ልጅ እንዴት ታስረዱታላችሁ?

ሄለን ፍቅር ምንድን ነው ብላ ጠየቀች። አን የልጅቷን ደረት ጠቆመች። አልገባትም። አበባ አሽትታ፣ ይህ ነው ወይ አለች። አይደለም ተባለች። ፀሐዩ ይሞቃቸው ነበርና ሙቀቱ ወደመጣበት ጠቁማ፣ ታዲያ ይህ አይደለም ወይ አለች። አሁንም አይደለም። ለሷ ከፀሐይ ሙቀት የበለጠ ደስ የሚል ነገር ስላልነበረ ግራ ገባት።

ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ጨሌ በክር እየሰካች ሳለ ተሳሳተችና ቆም ብላ አሰበች። አን ግንባሯን ነክታ ማሰብ የሚለውን ቃል ጻፈችላት። ሄለን ይህ ቃል አሁን ራሷ ውስጥ የሚካሄደው ነገር ስም መሆኑ ገባት። የማይነካ ነገርም ስም አለው ማለት ነው።

ያን ቀን ፀሐይ በደመና ተሸፍና ውላለች፣ አልፎ አልፎ ይዘንብ ነበር። ድንገት ፀሐይ ፍንትው አለች። ሄለን እንደገና ጠየቀች፣ ፍቅር ይህ አይደለም ወይ? አሁን አን መልስ አገኘች። ፍቅር ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት እንደነበረው ደመና ነው አለቻት። ደመናን መንካት አይቻልም፤ ዝናቡ ግን ይሰማሻል፣ የተጠማው መሬትና አበባው እንዴት እንደሚደሰት ታውቂያለሽ። ፍቅርም እንደዚያ ነው፣ አይነካም፣ በሁሉ ነገር ላይ ሲወርድ ግን ይሰማል። ልጅቷ ገባት።

ይህ መልስ እንዲሠራ ያደረገው ምን እንደሆነ አስተውላችኋል? ሄለን ቀድማ ዝናብ ላይ ቆማ ነበር። ዝናብ ሲመጣ ዝጊ ግቢ እየተባለች ያደገች ልጅ ብትሆን ኖሮ ይህ ምሳሌ ምንም አይነግራትም ነበር።

ባሕር፣ በረዶና ውርጭ

በ1888 ቦስተን ሄደች፣ በዚያው ዓመት በጋ ላይ ብሩስተር በሚባል ቦታ ከባሕር ጋር ተገናኘች። ምንም ሳትፈራ ሮጣ ገባች። እግሯ ድንጋይ መታና ሰጠመች፣ ማዕበሉ ወዲያና ወዲህ ወረወራት። በመጨረሻ ባሕሩ የባሕር ዳሩ ላይ ጣላት፣ መምህርቷም አቀፈቻት። ትንፋሿ ሲመለስ መጀመሪያ የጠየቀችው ምን መሰላችሁ? ውኃው ውስጥ ጨው የጨመረው ማን እንደሆነ ነው። ፍርሃቱ ሲበርድ ደግሞ ትልቅ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ማዕበሉ ሲመታና ፍንጥቅጣቂው ፊቷን ሲረጫት መዋል ወደደች።

በኋላም ሰሜን አሜሪካ ውስጥ እውነተኛ ክረምት አየች፣ በእጇና በቆዳዋ ማለታችን ነው። ለቀናት በረዶ ሲጥል፣ ንፋሱ ቤቱን ሲነቀንቀው፣ በረዶው መንገዱን ሁሉ ሲውጠው። ሲቆም ደግሞ በእንጨት መንሸራተቻ ተቀምጠው ከኮረብታ ላይ ወደ ቀዘቀዘው ሐይቅ ይወረወሩ ነበር።

በ1890 አፏን ፈታች። ቦስተን በሚገኘው የሆራስ ማን ትምህርት ቤት ሳራ ፉለር የምትባል መምህርት የራሷን ፊት፣ ከንፈርና ምላስ እያስዳበሰች በ11 ትምህርት መናገርን አስጀመረቻት። በአፏ የተናገረችው የመጀመሪያ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ስለ ምን እንደሆነ ገምቱ። ስለ አየሩ ነው፣ ሞቃት መሆኑን ተናገረች።

አየር ጠባይ ያመጣባት መከራም አለ። በ1891፣ 11 ዓመቷ ላይ፣ የውርጭ ንጉሥ የሚል ተረት ጻፈች። ውርጭ የዛፎቹን ቅጠል እንዴት ወርቃማና ቀይ እንዳደረጋቸው የሚናገር ነው። ለፐርኪንስ ኃላፊ ለማይክል አናግኖስ የልደት ስጦታ ላከችለት፣ እሱም በደስታ አሳተመው። ጉዱ በኋላ ወጣ። ማርጋሬት ካንቢ የምትባል ደራሲ ከጻፈችው ተረት ጋር በጣም ይመሳሰላል። ያ መጽሐፍ ብሩስተር በነበረችበት በጋ ተነቦላት ነበር፣ እሷ ግን ረስታዋለች፤ ሐሳቡ የራሷ መስሏት ነበር። የማትሰማ የማታይ ልጅ ስምንት ሰዎች ፊት ለብቻዋ፣ ያለ መምህርቷ ቀርባ ተመረመረች። አራቱ ጥፋተኛ አይደለችም ሲሉ አራቱ ተቃወሙ፣ አናግኖስ ራሱ ለሷ ድምፅ ሰጥቶ አለፈ። በኋላ ግን እሱም ፊቱን አዞረባት። ካንቢ እንኳ በደግነት ነበር የጻፈችላት። ሄለን ግን ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ የምትጽፈው ዓረፍተ ነገር የራሷ ስለመሆኑ ትጠራጠር ነበር።

በማርች 1893 የናያጋራ ፏፏቴ ጋ ቆመች። አየሩ ሲንቀጠቀጥ፣ መሬቱ ሲርድ ተሰማት። ብዙ ሰዎች ለማታይና ለማትሰማ ሰው ይህ ውበት ምን ይሰጣታል ብለው ተገርመዋል። እሷ ደግሞ በጥያቄያቸው ተገርማለች።

ትልቅ ሴት ስትሆን

ከዚህ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። በ1900 ራድክሊፍ ኮሌጅ ገባች፣ በ1904 በማዕረግ ተመረቀች፤ ማየትና መስማት ተስኗቸው የመጀመሪያ ዲግሪ ካገኙ ሰዎች የመጀመሪያዋ ናት። የሕይወት ታሪኳን በ1903 አሳተመች። በ1908 ባወጣችው ሌላ መጽሐፍ ደግሞ ዝናብን ሰዓታት ቀድማ በአፍንጫዋ እንደምታውቅ ጽፋለች። ልጅ ሆና ዛፉ ላይ ያስፈራት ያ ሽታ ትልቅ ሰው ስትሆን የምትደሰትበት እውቀት ሆነ።

ለሴቶች የመምረጥ መብት ታገለች፣ ሶሻሊስት ሆነች፣ በ1920 የአሜሪካ የዜጎች ነፃነት ኅብረትን ከመሠረቱት አንዷ ነበረች። ከ1924 ጀምሮ ለዓይነ ስውራን ፋውንዴሽን እየሠራች ከ30 በላይ አገሮችን ዞረች።

ግን ቅድስት አናድርጋት። በ1915 ቺካጎ ውስጥ አንድ ሐኪም ከባድ የአካል ጉዳት ይዞ የተወለደ ሕፃንን ቀዶ ሕክምና ነፍጎ እንዲሞት ሲተወው ሄለን ሐኪሙን ደግፋ ጽፋለች። እንዲህ ያለውን ጉዳይ የሐኪሞች ጉባኤ ይወስን አለች። ይህ ቃል ከሷ መምጣቱ ያማል። እሷ ራሷ ሕፃን ሳለች ሐኪሞች ተስፋ ቆርጠውባት ነበር። የ19 ወሯን ሄለን አይተው ምን እንደምትሆን ሊነግሩን የሚችሉ ሐኪሞች በዚያ ዘመን አልነበሩም። ታሪኳ ራሱ ያን ጽሑፏን ይቃወመዋል።

አን ሱሊቫን በ1936 ሞተች፣ ወደ 50 ዓመት አብረው ከኖሩ በኋላ። ሄለን ደግሞ ጁን 1 ቀን 1968፣ 88 ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩ ኮኔቲከት ውስጥ አረፈች። የሁለቱም አመድ ዋሽንግተን ብሔራዊ ካቴድራል ውስጥ በአንድ ቦታ ነው ያለው። ቱስካምቢያ ያለው ቤት ዛሬ ሙዚየም ነው፣ ፓምፑም ግቢው ውስጥ አለ።

ታዲያ እኛ ምን እናድርግ?

ሁሉም ልጅ ሄለን አይሆንም፣ መሆንም የለበትም። ኦቲዝም ያለበት፣ ዳውን ሲንድሮም ያለባት፣ የማይሰማ፣ የማያይ፣ የማይራመድ ልጅ በናንተም ግቢ ሊኖር ይችላል። ወንድማችሁ ወይም የእህታችሁ ልጅ ሊሆን ይችላል። ከሄለን ታሪክ የምንወስደው ነገር ቀላል ነው።

አውጡት። ፀሐይ ሲሆን ፀሐይ፣ ካፊያ ሲሆን ካፊያ። ዝናቡ ከቆመ በኋላ ውኃ ያቆረውን ቦታ በእጁ ይምታ፣ ጭቃውን ይጭመቀው፣ ከጣሪያው የሚንጠባጠበውን በመዳፉ ይቀበል። ወፍራም ልብስና ቦቲ ይበቃል፣ ሲገባ ደረቅ ልብስ ይቀየርለት። መብረቅ ሲኖር ደግሞ ማንም ልጅ ደጅ አይሆንም፣ ዛፍ ስርም አይጠለልም።

አብራችሁት ሁኑ፤ ነገሩ እየነካው ባለበት ሰዓት ስሙን ንገሩት። የሚሰማ ከሆነ በቃል፣ የማይሰማ ከሆነ በምልክት። ውኃው እጁ ላይ እያለ ውኃ፣ ንፋሱ ፊቱን ሲመታው ንፋስ። ነገ ቤት ውስጥ ስዕል እያሳዩ ከመጠየቅ ይህ ይቀላል።

ከፈራ አታስገድዱት። አንዳንድ ልጅ የነጎድጓድ ድምፅ ያመዋል፣ አንዳንዱ እርጥብ ልብስ ገላው ላይ ሲለጠፍ አይችለውም። በሩ ላይ ቆሞ እጁን ብቻ ማውጣትም ለዛሬ ይበቃል። ሄለንም ወደ ዛፍ የተመለሰችው በራሷ ጊዜ ነው።

ልጁ የናንተ ካልሆነ እናቱን አስፈቅዷትና ለግማሽ ሰዓት አብራችሁት ውጡ፣ እሷም ትንሽ ትረፍ። ሰው ካየ ይይ። ክረምቱ ሲገባ ይህን ጽሑፍ እንዲህ ያለ ልጅ ላለው ቤተሰብ አድርሱልን።